በእኛ በኩል ችግር የለም

ያ የኢሜይል ጣጣ በጠቅላላ ያስከፈለኝን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፦ አንድ የቦሎቄ ገዢ፣ የአንድ ሶፍትዌር ሙሉ ዋጋ፣ ከአርሲ ነገሌው ሰብሳቢዬ ጋር ከነበረኝ ፍቅር ግማሹ፣ እና አንድ የግድግዳ ሰዓት። ሰዓቱ ርካሽ ነው። ሌላው አይደለም።

ሥራዬ ቦሎቄ ነው። ነጭ ቦሎቄ ከአርሲ ነገሌ፣ ከመቂ፣ ከዓለም ጤና ይሰበሰባል፤ አዳማ መጋዘናችን ገብቶ ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ ከዚያ ወደ ጂቡቲ ይጫናል። እኔ የተማርኩት ገበያ ላይ ነው። ጆንያ ውስጥ እጄን ከትቼ እህሉ ዝናብ ነክቶት እንደሆነ፣ ባለቤቱም ዋሽቶኝ እንደሆነ እነግርሃለሁ። ኮምፒውተር ግን እጅ አያስገባም። ችግሬ የጀመረው ከዚያ ነው።

ሸሪኬ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ድሮ የጭነት መኪና ነበራቸው፤ መኪናውን ሸጠው ነው ከእኔ ጋር ቦሎቄ ውስጥ የገቡት። ኢሜይላችንን እንደ ሌላው ሰው አንድ የውጭ ኩባንያ ላይ እናድርገው ስላቸው፣ «የእኛ ደብዳቤ በሰው ቤት አያድርም» አሉ፤ አለቀ። ስለዚህ የራሳችን ሰርቨር ተገዛና ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ድሮ የሚዛን ድንጋይ የምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተተከለ። የተከለው የከተማችን የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ሥራ ወዳድ፣ እምቢ ማለት የማይችል ሰው። ለእኔ አንድ የኢሜይል ሳጥን፣ ለመቂው ሰብሳቢ አንድ፣ ለነገሌው አንድ ከፈተልን።

ጋሼ ሰርቨሩን ወደዱት። ኢሜይል አይጽፉም፣ አያነቡም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ክፍሏ ውስጥ ይገቡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከስክሪኑ ፊት ይቆማሉ። ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ስክሪኑ ላይ ካለው ሰዓት ጋር ያስተካክላሉ። «ከሬዲዮው ይልቅ እሱን አምናለሁ» ይላሉ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሸሪክ በገንዘቡ የገዛውን ነገር ሲወድ ንግግር ይቀንሳል።

አሁን ገዢውን ላስተዋውቅ። ከባሕር ማዶ ነው። የመጋዘናችንን ነጭ ቦሎቄ ከግማሽ በላይ የሚወስደው እሱ ነበር። ስልክ አይወድም፤ የእኔ እንግሊዝኛም ለስልክ አይመችም። ሁሉ ነገር በጽሑፍ ነው። አንድ ጊዜ ምን ብሎ ጻፈልን፦ «ሰዎቻችሁ ጎህ ሳይቀድ እንደሚጽፉልኝ አያለሁ። እንዲህ ከሚተጋ ሰው ጋር መሥራት ደስ ይላል።» ለጋሼ አነበብኩላቸው። ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። ነጋዴ ተመስግኖ ምስጋናውን ሲመረምር አይቼ አላውቅም፤ እኛም አልመረመርንም።

ይኸው ሰው አንድ ቀን ያንኑ የዋጋ ጥያቄ ለሦስታችንም ሳጥን ላከ። እኔም ገበያ ላይ የማደርገው ነው፤ አንድ ገበሬ ጋ ሁለት ሰው ለየብቻ ልኬ ዋጋውን አጣራለሁ። ሲደረግብኝ ግን አልወደድኩትም። የመቂው ሰብሳቢ ዝቅ አድርጎ መለሰ፣ የነገሌው ሰቀለው፣ እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። ገዢው ሦስቱን ደብዳቤ አንድ ላይ አድርጎ መለሰልን፦ «ከሦስታችሁ ባለቤቱ ማነው?» ከሥሩ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ጨመረ። ለመጪው ምርት እንደ ልማዱ ሊጽፍልን ፈቃደኛ ነው፤ ለጻፈው ግን በዚያው ቀን አንድ መልስ ይፈልጋል። ሦስት መልስ ከመጣ፣ ወይ ምንም ካልመጣ፣ ሌላ ሰው ይፈልጋል። «እንግዲያው ለእኔ ብቻ ጻፍልኝ» ብዬ ለመንኩት። «ለምጄ የምጽፍበት ላይ እጽፋለሁ፤ ቤታችሁን ማስተካከል የእናንተ ፈንታ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሶፍትዌር የሚሉትን ነገር የገዛሁት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው የሚሸጠው። ሶፍትዌሩ የሦስታችንንም ሳጥን ከፍቶ የመጣውን ሁሉ እኔ ፊት አንድ ቦታ ይደረድራል፤ መልሱም ከዚያው ይወጣል፤ አንድ ዋጋ፣ አንድ ድምፅ። ሙሉውን ቀድመህ ከከፈልክ ቅናሽ አለው አሉኝ። የጆንያ አፍ ሳይፈታ ለገበሬ ቀብድ የማልሰጥ ሰውዬ ሙሉውን ከፈልኩ። በዚያው ቀን ለሰብሳቢዎቼ ደውዬ ትእዛዝ ሰጠሁ፦ ከዛሬ ጀምሮ ለፈረንጁ ማንም አይመልስ፤ እኔ ብቻ።

ሶፍትዌሩ አልገባም።

በሦስቱም ሳጥን ላይ በቀይ «መግባት አልተፈቀደም» ይላል። የተከለልንን ባለሙያ ጠራሁት።

«ወንድሜ፣ ምንድነው?»

«ሰው በይለፍ ቃሉ ይገባል። ፕሮግራም ግን እንደዚያ አይገባም» አለኝ። «ጊዜያዊ ቁልፍ ይዞ ነው የሚመጣው። እንደ መናኸሪያ መውጫ ወረቀት በለው። የተሰጠበት ሰዓት ተጽፎበታል፤ ሰዓቱ ካለፈ አይሠራም።»

«ታዲያ ይህኛው ቁልፍ አልያዘም?»

«ይዟል። ሰርቨሩ ቁልፉን አልቀበልም እያለ ነው።»

«ለምን?»

«እሱን እነሱን ጠይቃቸው። በእኛ በኩል ችግር የለም።»

አዲስ አበባ ደወልኩ። ጉዳዩን የያዘችው ሴት ጨዋ ናት፤ ድምፅዋ ላይ አንድ ቀን እንኳ ቁጣ አልሰማሁም። ሰምታ ጨረሰችና፣ «በእኛ በኩል ችግር የለም። ሰርቨሩን ይዩልን» አለችኝ።

ይህን አነጋገር ከጭነት ሥራ አውቀዋለሁ። ጆንያ ጎድሎ ይመጣል። ጫኚው በእኔ በኩል ችግር የለም ይላል፣ ሾፌሩ በእኔ በኩል፣ አራጋፊው በእኔ በኩል። በሁሉም በኩል ችግር ከሌለ ችግሩ ያለው ከፋዩ ጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ቦሎቄ መሆኑ ቀርቶ ደላላነት ሆነ፤ ኮሚሽን የሌለው ደላላነት። እሷ ፈቃዱን ሰርዙና እንደገና ስጡ ትላለች፤ እሱ ይሰርዛል፣ ይሰጣል፤ ቀይ። እሱ የሶፍትዌሩን አካውንት ቀይሩልኝ ይላል፤ እሷ ትቀይራለች፤ ቀይ። ሰርቨሩ ይጥፋና ይብራ ተባለ። ጠፋ፣ በራ፤ ቀይ። እሱ የእሷን ሶፍትዌር ሲያማ፣ እሷ የእሱን ሰርቨር ስታማ፣ እኔ የሁለቱንም ሐሜት በትሕትና አድርሳለሁ። ጋሼ ደግሞ በበሩ ብቅ ይሉና ይጠይቁኛል።

«ገባ?»

«አልገባም ጋሼ።»

«በሬ ገዝቶ በረት አልገባም ያለውን ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከመግዛትህ በፊት በረቱን ለምን አላሳየኸውም?»

አንድ ረፋድ ላይ ታከተኝ። ሁለቱንም እኩል አገናኛለሁ አልኩና ሁለት ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ በአንዱ እሷ፣ በሌላው ከሰርቨሩ ክፍል እሱ፤ ሁለቱንም ድምፅ ከፍ አድርጌ አፍ ለአፍ ገጠምኳቸው። ሽምግልና መሆኑ ነው።

«አንድ ነገር እናጣራ» አለች እሷ። «አንዳንዴ የሁለቱ ማሽኖች ሰዓት ካልገጠመ ቁልፉ ይከለከላል። ሰርቨሩ ላይ ስንት ሰዓት ነው የሚለው?»

«አራት ከአሥር» አለ እሱ።

«እኔም ጋ አራት ከአሥር ነው። በደቂቃ እንኳ አይለያይም!»

«እኔ እኮ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው ብያለሁ።»

«እሺ፤ እንግዲያው ሰዓት አይደለም።»

«አይደለም።»

ደስ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙበት ነገር ነበር። እኔም ስልኬን አየሁ፤ አራት ከአሥር ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ ሰዓት። ከዚያ ወዲያ ሰዓት የሚባል ነገር ያነሳ የለም።

ሰዓቱ ካልሆነ ሌላ ዘዴ ይፈለግ ተባለ። እሷ፣ ሶፍትዌሩ ለጊዜው ቁልፉን ትቶ በይለፍ ቃል ይሞክር አለች። ባለሙያችን አልወደደውም፤ ግን እምቢ አይልም ብያችኋለሁ። ለሙከራ የነገሌው ሳጥን ተመረጠ። ያን ሳጥን የመረጥኩት እንዲያውም እኔ ነኝ፤ ገዢው አብዝቶ የሚጽፈው እዚያ ስለሆነ እሱ ከተከፈተ ሌላው ይደርሳል ብዬ። ያልጠበቅነው ነገር፣ የነገሌው ሰብሳቢዬ ማሽን ደብዳቤውን ሊያነብ መሆኑን ሲሰማ የይለፍ ቃሉን ቀይሮት ኖሯል። ሶፍትዌሩ የድሮውን ቃል ይዞ አንኳኳ፣ አንኳኳ፣ አንኳኳ። ሰርቨሩ ሌባ መጣ ብሎ ሳጥኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው፤ በሶፍትዌሩ ላይ ብቻ አይደለም፣ በባለቤቱም ላይ። ባለሙያችን አንድ ሁለቴ ከፈተው፤ ሶፍትዌሩ አሁንም ሄዶ ያንኳኳል፣ እንደገና ይዘጋል። በመጨረሻ፣ ነገሩ እስኪጣራ ተዘግቶ ይቆይ ብሎ ተወው። ለእኔ አልነገረኝም። ቢነግረኝ የምለውን መቼም ያውቃል።

ነገሌ ያለው ሰውዬ ግን ደውሎልኝ ነበር። «አልከፈት አለ» አለኝ። እኔ ስለ ሶፍትዌሩ የሚያወራ መሰለኝ። «ታገስ፣ እየሠራንበት ነው» አልኩት።

በዚህ ሁሉ መሀል ከገዢው ድምፅ የለም። የእኔን ሳጥን በየሰዓቱ አያለሁ፤ የመቂውንም በስልክ አስነብባለሁ፤ ምንም። ከነገሌ አልሰማሁም፤ ነገሌ ደብዳቤ ቢመጣ ኖሮ ሰውዬው ይነግረኝ ነበር ብዬ ተውኩት። ዝም ያለ ገዢ ዋጋ እስኪወርድ የሚጠብቅ ገዢ ነው አልኩ። እኔ ዝም የምለው ለዚያ ነዋ።

ምርቱ ገበያ መውጣት ሲጀምር እህሉንም ሰውዬውንም አብሬ ልይ ብዬ ነገሌ ወረድኩ። ከመናኸሪያው ቀጥታ ገበያ ገባሁ። የጆንያ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ከልጅነታችን የምንተዋወቅ ሰው፣ ሳቅ የማያልቅበት። የዚያን ቀን አልቆበት ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት።

«ፈያ። ፖስታዬን መልስልኝ።»

«ማን ወሰደብህ?»

«አንተና ያ ሶፍትዌርህ። ከተዘጋብኝ ስንት ገበያ አለፈ!»

«ተዘጋብኝ ነው ያልከው? ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሃለሁ። ታገስ አልከኝ። ይኸው ታግሼ ቁጭ ብያለሁ። እናንተ የአዳማ ሰዎች እኮ ስትወስዱም ታገስ፣ ስትመልሱም ታገስ።»

ገዢው የሚጽፈው እዚህ ነው። የተዘጋውም እዚህ ነው። ሰውዬው ግን ገና ብሶቱን አልጨረሰም።

«ፈረንጁ ትጉህ ብሎ ያመሰገነው እኮ እኔን ነው። የእኔን ደብዳቤ አይቶ ነው። የእኔን ዘጋህ!»

«አንተ ነህ ጎህ ሳይቀድ የምትጽፍለት?»

«እኔ?» አለና ሳያስበው ሳቀ። «ፀሐይ ሳትሞቅ ስልክ የነካሁበት ቀን የለም። ቁርሴን በልቼ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው የምጽፈው።»

«እሱ ግን ጎህ ሳይቀድ ነው የሚለው።»

«ሦስት ሰዓት ነው እኮ የምልህ! ደብዳቤው ላይም ሦስት ሰዓት ይላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እዚያው ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ደብዳቤው ላይ ሦስት ሰዓት ይላል። ለእኛ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ወጥታ ቁርስ የተበላበት ነው። ለፈረንጅ ሦስት ሰዓት ዶሮ ያልጮኸበት ጨለማ ነው። ፈረንጁ ያደነቀው የእኛን ትጋት አልነበረም፤ የሰርቨራችንን ሰዓት ነበር። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ እኮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ብሎ ነው የሚጽፈው። ዓይኔ ዘጠኝ ያያል፣ አፌ ሦስት ይላል፤ ለምጄዋለሁ፣ ስድስት መቀነሴን ራሴም አላውቀውም። ሰርቨሩ ግን ሦስት ብሎ ነበር የሚጽፈው።

አውጥቼ ደወልኩ፤ ባለሙያው መጋዘናችን ነበር።

«ሰርቨሩ ጋ ግባ። ስንት ሰዓት ይላል? እንዳትተረጉምልኝ። የተጻፈውን ቁጥር አንብብ።»

«ዘጠኝ ከሃያ።»

«አሁን ስልክህ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብልኝ። ቁጥሩን።»

«ሦስት ከ…» ብሎ ሳይጨርስ፣ «እንዴ!» አለ።

ያን ዕለት ረፋድ በሁለት ስልክ የተስማሙት ይህን ነበር። እሱ የሚያነበው ቁጥር አራት ከአሥር ነው፤ እንዳለ ተናገረው። እሷ የምታየው ቁጥር አሥር ከአሥር ነው፤ እንደ ማንኛችንም በልቧ ቀንሳ አራት ከአሥር አለች። ሁለት ሚዛን ተገናኝቶ እኩል ነው ሲባል ገዢ ይደሰታል። ድንጋዩ የተፈተሸው በምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እኔ በሚዛን ያደግኩት ሰው እንኳ አልጠየቅኩም።

«ማነው የነካው?» አልኩት።

«ጋሼ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «የተተከለ ዕለት ገብተው አዩትና፣ ይህ ሰዓት ተበላሽቷል፣ አስተካክል አሉኝ። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ብላቸው፣ የቆመው አዳማ አይደለም ወይ አሉኝ። አባት ናቸው፤ ምን ልበላቸው? ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። እንደገና በራሱ እንዳይስተካከል ብዬ ያንንም አጠፋሁት። ደብዳቤ መቀበልና መላክ አልከለከለም፤ ረሳሁት።»

ቁልፉ አሁን ገባኝ። ሶፍትዌሩ የሚያመጣው ቁልፍ በዘጠኝ ሰዓት ተሰጠ የሚል ነው፤ የእኛ ሰርቨር ገና ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ማለዳ ላይ የከሰዓት መውጫ ወረቀት የሚያሳይ ሾፌር ቢመጣብህ ታሳልፈዋለህ? ሰርቨሩ ልክ ነው። ሶፍትዌሩም ልክ ነው። በማንም በኩል ችግር የለም።

አዳማ ስመለስ ጋሼ ክፍሏ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰምተዋል።

«ሰዓቱን ልትነኩብኝ ነው አሉ።»

«ጋሼ፣ እሱ ካልተስተካከለ ሶፍትዌሩ አይገባም። ገዢያችን…»

«ገዢው ይቀንስ። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ስድስት ስንደምርለት ኖረናል፤ እሱ አንድ ጊዜ ስድስት ቢቀንስ ምን ይሆናል?»

ቀደም ሲል ያልኳችሁን የግድግዳ ሰዓት የገዛሁት ያኔ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ሞልቼ ከሰርቨሩ በላይ ምስማር መትቼ ሰቀልኩት። ጋሼ ከእጅ ሰዓታቸው ጋር አስተያዩት፣ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ለባለሙያው በአገጫቸው ፈቃድ ሰጡት። ሰዓቱን ወደ ፊት ገፋው። የነገሌውን ሳጥን ከፈተው። ቀዩ ጠፋ፤ ደብዳቤ እንደ ተቀደደ ጆንያ ይወርድ ጀመር።

ከላይ የነበሩት ሦስቱ የገዢው ነበሩ፤ ሁሉም በነገሌው ሳጥን የመጡ። የመጀመሪያው ረጅም ነው። ከዚህ በፊት ጠይቆን የማያውቀውን ያህል ነጭ ቦሎቄ ይፈልጋል፤ ዋጋችሁን ንገሩኝ ይላል። ሁለተኛው «መልሳችሁን እየጠበቅኩ ነው» ይላል። ሦስተኛው ከሌላ ሰው መግዛቱን ይነግረንና እንዲህ ብሎ ይዘጋል፦ «ስለ ትጋታችሁ ተሳስቼ ነበር።»

ያን ቀን አዲስ አበባ ደውዬ መግባቱን ነገርኳት። «እንኳን ደስ አለን! በእኛ በኩል ችግር የለም ብዬ አልነበር?» አለች። ባለሙያችን ከአጠገቤ ሆኖ፣ «ሰርቨሩም እኮ…» ብሎ ሲጀምር አየሁት፤ አየኝ፤ ተወው።

ለገዢው የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት፤ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ነገሌው ሳጥን። ስጽፈው እንኳ ለራሴ ውሸት ይመስለኝ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ በዚያው ቀን መለሰልኝ። «በሚቀጥለው ምርት እናያለን» አለ። ይህንን ቃል እኔም ለገበሬ እለዋለሁ። ትርጉሙን አውቀዋለሁ።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ሶፍትዌሩ ይሠራል። የነገሌው ሰብሳቢ ለሰላምታዬ መልስ ይሰጣል፤ ቀድሞ ግን አይደውልም። ነጩን ቦሎቄ አገር ውስጥ በወረደ ዋጋ ሸጥኩት። የግድግዳው ሰዓት በትክክል ይቆጥራል። ገዢው አልተመለሰም።